የድራፍት ጋዝና የጋሽ ሰይድ ኩራዝ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይኼን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ህይወት ናት። "እምዬ ቀስ በይ፣ እጄ ደከመ" ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ አንዴ ካቆምኩ የምቀጥል አይመስለኝም። ከአፌ እንደወጣ ጻፊው፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

ወልድያ ላይ ድራፍት ስቀዳ ነው የኖርኩ። ዘንድሮ ጉልበቴ አልቆም ሲለኝ በቃኝ አልኩ። ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ አንድ ሰው ከሀብሩ መጣ። ልጁን ሊድር ነው። ሦስት በርሜል ድራፍት ቤቱ ወስዶ ሊያስቀዳ ይፈልጋል።

"ሙቀቱንስ እንዴት ልታደርገው ነው?" አልኩት።

"አያስቡ እናቴ" አለኝ እየሳቀ። "ማሽላ የምናስቀምጥበት ጉድጓድ አለን። ዘንድሮ ባዶ ነው። ውስጡ ከፍሪጅ ይበልጣል። በርሜሉንም ጋዙንም እዚያው ማውረድ ነው።"

"አይሆንም!" አልኩት። እንደዚያ የምጮህ አልመሰለኝም። ጠጪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ኧረ ምን አጠፋሁ?" አለ ሰውየው ደንግጦ። "ለምን እንደማይሆን ይንገሩኝና ይቅር።"

ብርጭቆ አንስቼ ማጠብ ያዝኩ። ምክንያቱን ከነገርኩት ሌላውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። "ሐሙስ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ይብረድልዎት" ብሎኝ ሄደ። ማታ ህይወትን ወረቀት አምጪ አልኳት። ሐሙስ ሲመጣ የሚነበብለት ነገር ያስፈልጋል።

ሥራ የጀመርኩት ብርጭቆ በማጠብ ነው፣ መናኸሪያው አጠገብ በነበረ ሆቴል። ድራፍቱን የሚቀዱት ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ በሙቀትም እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ። አንድ ቀን ጠሩኝ።

"ዘርፌ፣ ይቺን ጃምቦ በምን አጠብሻት?"

"በሳሙና ነዋ ጋሽዬ።"

"ሳሙናው አልለቀቀም። ሳሙና የቀረበት ብርጭቆ አረፋውን ይገድለዋል። ሰው ብርጭቆውን አይሰድብ፣ ቢራውን ነው የሚሰድብ። ቀጥሎ እኔን።"

ሰድበውኝ ቢሆን እረሳው ነበር። አልሰደቡኝም፤ ራሳቸው ወስደው አጠቡና በብርሃን በኩል አሳዩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአጠገባቸው አልጠፋሁም። ትንሽ ቆይቶ ቧንቧውን አስያዙኝ። "ሴት ድራፍት ትቀዳለች እንዴ?" የሚል ሲመጣ፣ "ውኃ ከጉድጓድ ስትቀዳ ጠይቀሃት ታውቃለህ?" ይሉታል።

የሳቸውን አሠራር ልንገርሽ። የዕለቱን የመጀመሪያ ጃምቦ ለማንም አይሰጡም። ቀድተው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩና አባታችን ሆይን በልባቸው ይላሉ። ጨርሰው ሲያዩት አረፋው ሁለት ጣት ያህል ከቆየ ልክ ነው። ሳይጨርሱ ከጠፋ ቢራው ጋዙን ለቋል። ከብርጭቆው ሞልቶ ከፈሰሰ ደግሞ ወይ ሞቋል ወይ ጋዝ በዝቶበታል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መዳፋቸውን በርሜሉ ላይ ያሳርፋሉ፣ ልጅ አተኩሶት እንደሆነ እንደሚታየው።

ሲሊንደሩ ራስ ላይ መርፌ ያላት ክብ ጌጅ አለች፤ ከሥሯ የምትዞር ቁልፍ አለች። ቁልፏን የሚያዞሯት የጥፍር ያህል ብቻ ነው። አዙረው ይቀመጣሉ። "ጋዝ ወዲያው አይመልስልሽም፣ ጠይቀሽው ጠብቂ" ይሉኛል።

"ቢራው ጋዙን ከፋብሪካ ይዞ ነው የሚመጣ" ብለው ነው ያስተማሩኝ። "የኛ ሥራ ያንን ይዞ እንዲቆይ መጠበቅ ነው። የቀዘቀዘ ቢራ ጋዙን አጥብቆ ይይዛል፣ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። የሞቀ ቢራ ሊለቅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መርፌዋን ከፍ አድርገሽ ትይዥዋለሽ።" ጀማሪ አረፋ ሲያይ ደንግጦ ጋዙን ይቀንሳል። ያን ጊዜ ይብሳል። ቢራው ጋዙን በርሜል ውስጥ ይለቀዋል፤ ዛሬ አረፋ ነው፣ ነገ እንደ ጠላ ቅራሪ ነው። ቤታቸው ወስደው ለሠርግ፣ ለመልስ፣ ለቅልቅል የሚያቆዩት ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱ። መፍትሔው በርሜሉን ማቀዝቀዝ፣ መርፌዋን አለማውረድ፣ ከበርሜሉ ወደ ቧንቧው የሚሄደውን ቱቦ ደግሞ ረዘም ማድረግ ነው፤ ረዥም ቱቦ ቢራውን ያረጋጋዋል።

ቁጥር ስለማላነብ ጌጁ መስታወት ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አኖርኩ። አንዷ ለወልድያ ብርድ፣ ሁለተኛዋ ከፍ ብላ ለሙቀት። ጋሽ ደምሴ አይተው "ጥፍርሽ ሳያምር ጌጃችን አማረ" ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ሁለት ልማድ ደግሞ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሲሊንደር በገጠሙ ቁጥር መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባሉ። ጋዝ የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ፊኛ እየሠራ ይነፋል። ሲሊንደሩ ቦታ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ይቀባሉ። ሁለተኛው፣ ሲሊንደሩን ቤት ውስጥ አያስገቡም። ከመስኮቱ ውጭ፣ ነፋስ የሚመታው ቦታ ያቆሙና ቱቦውን በግድግዳው ቀዳዳ ያስገባሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም ቦታ እንዳያጣብብ ነው ብዬ ደመደምኩ።

እንግዲህ አሁን ወደ ፈራሁት ደረስን። ጻፊ ህይወት፣ አትይኝ።

መርሳ ወጣ ብሎ አቶ መኮንን የሚባል ገበሬ ነበር፤ አሁንም አለ። ልጁን ሲድር ሦስት በርሜል አዘዘ። ፋሲካ ወጥቶ ነው፣ የሚያዝያ ሙቀት። ጋሽ ደምሴ ወገባቸውን ታመው ነበርና የሆቴሉ ባለቤት እኔን ብቻዬን ላከኝ። መጀመሪያዬ ነበር። "ካበላሸሽው ወደ ብርጭቆሽ ትመለሻለሽ" ብሎኛል። እናትሽ ያን ጊዜ ተማሪ ናት።

ዓርብ ረፋድ ስደርስ መኮንን የማሽላ ጉድጓዱን አሳየኝ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ነው። እጄን ሳስገባ ቅዝቃዜው ደስ አለኝ። አፉ አጠገብ ኩራዝ በገመድ አንጠልጥለው የቆሙት ጎረቤቱ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። በዚያ አካባቢ ማሽላ የሚወጣበት ጉድጓድ ሲከፈት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የተዘጋ ጉድጓድ ትንፋሹ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ይከፍቱታል፣ ውሎ ያድራል፣ ከዚያ የበራ ኩራዝ ያወርዳሉ። ኩራዟ ከጠፋች ማንም አይወርድም።

"ከረቡዕ ጀምሮ ክፍት ነው" አሉኝ። ኩራዟን እስከ ታች አወረዷት። ቁልጭ ብላ በራች። "አልሐምዱሊላህ፣ ንጹሕ ነው።" ከዚያ በርሜሉን አዩና፣ "ይኼን ገመዱ ያውርደው እንጂ እኔ አልነካሁም፤ መላእክት ይመስክሩልኝ" አሉ። ሳቅን።

የጋዙ ቱቦ አጭር ነበር፣ የአንድ ክንድ። ሲሊንደሩ ውጭ እንዲቆም ረዥም ቱቦ ያስፈልጋል። ወልድያ ተመልሼ ማምጣት እችል ነበር፤ ሚኒባስ ሞልቷል። ግን ባለቤቱ ምን ይለኛል አልኩና ተውኩት። እዚያው አፉ ላይ ገጠምኩ፣ ሳሙና ቀባሁ፣ አልነፋም። ከዚያ በርሜሉንም ሲሊንደሩንም በገመድ አወረድናቸው። ሲወርድ ሲሊንደሩ ድንጋዩን ገጨው። ጓ ሲል ሰምቻለሁ። ወርጄ ዳግመኛ ሳሙና አልቀባሁም፤ ወፍራም ነበርኩ፣ አፉ አያስገባኝም። ሌላ ሰው አውርጄ አላስቀባሁም። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብዬም አፉን በእርጥብ ጆንያ አስደፈንኩት።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሙሽራው ሊመጣ ነው ተባለ። የቢራውን ረዥም ቱቦ ከጉድጓዱ እስከ ዳሱ ዘርግቼው ነበርና ዳሱ ውስጥ ቧንቧውን ከፈትኩ። አረፋ። ሁለተኛ ቀዳሁ፣ አረፋ። ሦስተኛው ላይ አባታችን ሆይን ጀመርኩ፤ ግማሹ ላይ ሳልደርስ አረፋው ጠፋ። ግፊቱ ወርዷል፣ ቢራው ጋዙን እየለቀቀ ነው። ለምን ወረደ ብዬ አልጠየቅኩም። የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መርፌዋ ወደ ሁለተኛዋ ነጥብ ከፍ ትበል።

"የሚወርድልኝ ቀጭን ሰው!" አልኩ።

የሙሽራዋ ወንድም ጌታሁን አዲስ ሸሚዙን አውልቆ መጣ። ሃያ አራት ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ጆንያውን ገፈፍነው። ጋሽ ሰይድ ከዳሱ እየሮጡ መጡ።

"ቆይ! ኩራዝ ይውረድ መጀመሪያ።"

"ጋሽ ሰይድ፣ ዓርብ አይተውት የለ እንዴ?" አለ ጌታሁን። "እንግዳ በር ላይ ነው። ቢራ እንጂ ማሽላ አይደለም የምናወጣው!"

ጋሽ ሰይድ እኔን አዩኝ። ዕቃው የኔ ነውና እኔ እንድናገር ነው።

"ዓርብ ታይቷል" አልኩ። "ይውረድ፣ ቶሎ ነው የሚወጣ።"

"እንግዲያው ገመድ ሳላስር አይወርድም" አሉና በብብቱ ሥር ገመድ አሰሩለት። "እንደ በግ አሰሩኝ እኮ" እያለ እየሳቀ ወረደ።

"ቀይ ነጥብ ታያለህ?" ብዬ ጮህኩ።

"ጨለማ ነው... ቆይ... አዎ..."

"ሁለተኛዋ ላይ አድርሳት!"

መልስ የለም። "ጌታሁን!" አልኩ። የሆነ ነገር ከበርሜሉ ጋር ሲላተም ሰማሁ።

አባትየው መኮንን ነጠላውን ጥሎ ሊገባ ሲል ጋሽ ሰይድ አንገቱን አነቁት። "ሁለት ሬሳ ልታደርገው ነው? ገመዱን ሳብ! ሳብ አልኩህ!" ሦስት ሆነን ሳብን። ትከሻው አፉ ላይ ተቀረቀረ። ጋሽ ሰይድ በደረታቸው ተኙ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ክንዳቸውን አስገብተው ትከሻውን ጠመዘዙት። ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ዓይኑ ተገልብጧል።

ከዳሱ ጭብጨባው ይሰማል። ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ ነው፤ ያወቀ የለም። ጋሽ ሰይድ ጉንጩን ይመቱታል፣ "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ይላሉ፣ ደረቱን ይጫኑታል። እኔ ቆሜያለሁ። ያን ያህል ቆሜ አላውቅም። ከዚያ ሳለ። እንደገና ሳለ። አስመለሰው። "ምን ሆንኩ?" አለ።

መኮንን መሬት ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተናገረው "ሙሽራዋ እንዳትሰማ" የሚል ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በሹክሹክታ ሆነ።

"ሰይድ፣ ልጄን ልትገድልብኝ ነበር።"

"መኮንን፣ ወላሂ ዓርብ በርታለች። አንተም አጠገቤ ነበርክ።"

"ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?"

ጋሽ ሰይድ ጉድጓዱን አዩ። ኩራዙን አምጥተው አወረዱ። ገና ግማሽ ሳትደርስ ጠፋች። ለኩሰው አወረዱ፣ ጠፋች። "እንግዲህ..." አሉ። ዙሪያቸውን አዩ፣ እኔንም አዩኝ። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ንጹሕ ብርጭቆ።

ማክሰኞ፣ ጉድጓዱ ሁለት ቀን ከተናፈሰ በኋላ፣ ዕቃውን በመንጠቆ አወጡልኝ። ሰው ዞር ሲል መገጣጠሚያው ላይ ሳሙና ቀባሁ። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ጋዝ ፊኛ ሠራች። መገጣጠሚያው ውስጥ ያለችው ላስቲክ፣ ጎሚኒዋ፣ ተላቅቃለች። ጉድጓዱን የሞላው የማሽላው ትንፋሽ አልነበረም፣ የኔ ጋዝ ነው፤ ከዓርብ እስከ እሑድ ጆንያ ተደፍኖበት ሲሞላ የኖረ። ከባድ ነው፣ አይወጣም፣ ታች ይተኛል።

ታዲያ ምን አደረግኩ? እንግሊዝ ቁልፉን አነሳሁና መገጣጠሚያውን አጠበቅኩት። ሳሙናውን በቀሚሴ ጠረግኩ። ወደ ወልድያ ሄድኩ።

ለጋሽ ደምሴ ብቻ፣ "ሲሊንደሩን ሁልጊዜ ውጭ የሚያቆሙት ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ያስተማረኝ ሰው ውጭ ነበር የሚያቆመው። እኔም አልጠየቅኩትም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሰው ተጎዳ?"

"ተርፏል።"

"ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም።"

እስከዚያ ቀን ድረስ የመጀመሪያዋን ጃምቦ እኔ ስቀዳ መጥተው ያዩልኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን የመጀመሪያዋን ጃምቦ እኔ ከቀዳሁ መጥተው አያዩም ነበር። እስኪሞቱ ድረስ።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ስም አወጣሁ። ትላልቅ ሠርግ ላይ "ዘርፌ ትምጣ" ይባል ጀመር። የጉድጓዱ ወሬ ግን ሾልኮ ወጣና ጋሽ ሰይድን ጉድጓድ ሲከፈት የሚጠራቸው ጠፋ። መርሳ ገበያ አንድ ቀን ሽንኩርት ስገዛ፣ አንዱ ሌላውን "ተው ባክህ፣ ያንተ ወሬ የሰይድ ኩራዝ ነው!" ሲለው ሰማሁ። የማይታመን ነገር ማለቱ ነው። ሳቁ። ሽንኩርቴን ሳልመርጥ ከፍዬ ወጣሁ። በየዓመቱ ለሰው እየቀዳሁ ያቺን ሳቅ እሰማት ነበር።

እስከዚህ ያስጻፍኩት ከትናንት ወዲያ ነው። ህይወት ጽፋ ስትጨርስ፣ "እምዬ፣ ይኼን እኮ መስማት ያለባቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ያ ባለሠርግ ብቻ አይደለም" አለችኝ። አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ነጠላዬን ለበስኩና ከህይወት ጋር ወደ መርሳ ሄድን።

ጋሽ ሰይድ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አርጅተዋል። "ድራፍቷ ዘርፌ! ምን እግር ጣለሽ?" አሉኝ። ህይወትን "አንብቢላቸው" አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያበቃ፣ "ያቺን የሳሙናዋን እንደገና" አሉ። አነበበችላቸው።

"ታዲያ ኩራዜ አልዋሸችም" አሉ።

"አልዋሸችም ጋሽ ሰይድ።"

"እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ወርጄ አላውቅም። ልጆቼ ሲወርዱ ከቤት እወጣለሁ። ዓይኔ ነው የከዳኝ፣ ሳትበራ በራች አልኩ እንዴ፣ እያልኩ..." ሚስታቸው ከጓዳ ወጥታ ቆማለች፤ እሷም ሰምታለች።

"ይቅር ይበሉኝ" ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በበትራቸው ከለከሉኝ።

"እሱ ይቆይ። ልጄ፣ ብዕር አለሽ?" አሏት ህይወትን። "ጻፊ። ዓርብ ኩራዟ በርታለች። የመኮንን ጉድጓድ ንጹሕ ነበር። ጻፍሽ? አንብቢው።"

አነበበችው።

"አሁን አያትሽ ጣቷን ታድርግበት።"

ህይወት አውራ ጣቴን በብዕሯ ቀባችው፣ ተጫንኩት።

"መኮንን ቤቱ ነው" አሉኝ። "ጌታሁንም ልጆች ወልዶ እዚያው ነው ያለ። ሂጂና አስነብቢላቸው። ይቅርታውን ስትመለሺ እናወራዋለን።"

ይኼን የመጨረሻውን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የማስጽፈው። ባለባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ "ይወርዳሉ ወይስ አይወርዱም እናቴ?" ይለኛል። በሩ ይኸው ነው። ውሻው መጮህ ጀምሯል፤ አንድ ሰው ሊከፍት እየመጣ ነው፣ በቁመቱ ጌታሁን ሳይሆን አይቀርም። በቃሽ ህይወት። ያዢኝና እንውረድ።